የካድ ንድፍን ለማተም የመስመር ውፍረትንና ፕሎት ስታይልን ማዘጋጀት

ንድፉ በስክሪን ላይ ሲታይ ምንም እንከን የሌለበት መስሎ፣ ወረቀት ላይ ሲወጣ ግን ግድግዳውም፣ በሩም፣ የልኬት መስመሩም፣ የወለሉ ሀችም (ቦታን የሚሞሉት ጭረቶች) በአንድ ዓይነት ውፍረት ተደበላልቀው ዓይን የሚያርፍበት ቦታ ካጣ፣ ጥፋቱ ብዙ ጊዜ የፕሪንተሩ ሳይሆን የፕሎት ስታይሉ ነው። ፕሎት ስታይል በንድፉ ውስጥ ያለ አንድ ነገር በወረቀት ላይ በምን ቀለም፣ በምን ውፍረት፣ በምን ድምቀትና በምን ዓይነት የመስመር አጨራረስ እንደሚወጣ የሚወስን ትእዛዝ ሲሆን፣ እነዚህ ትእዛዞች ተሰብስበው የሚቀመጡበት ፋይል ደግሞ የፕሎት ስታይል ሠንጠረዥ ይባላል። የሚከተለው ማብራሪያ አውቶካድ በተባለው የኮምፒውተር ንድፍ ፕሮግራም ላይ ተመሥርቶ የተጻፈ ነው፤ እንደ ብሪክስካድና ዜድደብልዩካድ ያሉ ፕሮግራሞችም ያንኑ ሠንጠረዥ ስለሚያነቡ፣ ከጥቂት የስም ልዩነት በስተቀር አካሄዱ ለእነሱም ያገለግላል። የትእዛዞቹን ስም እንደ አነባበባቸው በአማርኛ ጽፌአቸዋለሁ፤ በትእዛዝ መስጫው ላይ ሲገቡ ግን በላቲን ፊደል፣ ያለ ክፍተት፣ ተያይዘው ይጻፋሉ።

ውፍረቱን የሚወስነው የትኛው ነው?

በአውቶካድ ውስጥ የአንድን መስመር የኅትመት ውፍረት መወሰን የሚቻልበት ቦታ ከአንድ በላይ ነው፤ አብዛኛው ግራ መጋባትም የሚመጣው ከዚሁ ነው። ውፍረቱን ለሌየሩ (መስመሮቹ በዓይነት ተለይተው ለሚቀመጡበት ንብርብር) መስጠት ይቻላል፤ ሌየሩን አልፎ ለራሱ ለመስመሩ መስጠት ይቻላል፤ በሠንጠረዥ ውስጥ ለመስመሩ ቀለም መስጠት ይቻላል፤ ከአውቶካድ 2000 ጀምሮ ደግሞ ስም በተሰጠው ስታይል አማካይነት መወሰን ይቻላል። ሠንጠረዦቹ ሁለት ዓይነት ናቸው። የመጀመሪያው ሲቲቢ የሚባለው በቀለም ላይ የተመሠረተው ሠንጠረዥ ሲሆን፣ ለአውቶካድ 255 ባለ ቁጥር ቀለማት ለእያንዳንዳቸው አንድ አንድ ስታይል ይዟል፤ ከእነዚህ ላይ መጨመርም መቀነስም አይቻልም። ሁለተኛው ኤስቲቢ የሚባለው ባለ ስም ሠንጠረዥ ሲሆን፣ በውስጡ «ግድግዳ»፣ «ልኬት»፣ «ነባር ሕንፃ» እየተባለ የሚፈለገው ያህል ስታይል ተፈጥሮ ለየሌየሩ ይሰጣል።

በቀለም መሥራት የፔን ፕሎተር ዘመን ውርስ ነው። ያኔ ማሽኑ የተለያየ ውፍረት ያላቸውን እስክሪብቶዎች በተርታ ይዞ፣ ቀለም 1 የሆነውን መስመር በአንደኛው፣ ቀለም 2 የሆነውን በሁለተኛው እስክሪብቶ እያነሳ ይሥል ነበር፤ በስክሪኑ ላይ የነበረው ቀይ የትኛው እስክሪብቶ እንደሚነሳ ለማሽኑ ከመንገር ያለፈ ትርጉም አልነበረውም። ዛሬም የሲቲቢ ሠንጠረዥ ሲከፈት «ፔን» የሚል ሣጥን የሚታየው ከዚያ የቀረ ነው፤ ለአሁኖቹ የቀለምና የሌዘር ማሽኖች እንዳለ ቢተዉት ምንም አይጎድልብዎትም።

የትኛውን ይምረጡ? ኤስቲቢ በአስተሳሰብ ደረጃ ይበልጥ የጠራ ነው፤ ቀለምን ከውፍረት ስለሚያላቅቅ አንድ ቀይ መስመር ከሌላ ቀይ መስመር የተለየ ውፍረት ሊኖረው ይችላል። ይሁን እንጂ ከሌሎች ባለሙያዎች ጋር ፋይል ለሚለዋወጥ ሰው የምመክረው ሲቲቢን ነው፤ ከአርክቴክቱ፣ ከስትራክቸር መሐንዲሱና ከኤሌክትሪክ ባለሙያው የሚመጡት ንድፎች በብዛት በቀለም የተሠሩ ስለሆኑ፣ አንድ ሠንጠረዥ ተስተካክሎ መላውን የንድፍ ስብስብ በአንድ ጊዜ ማስተካከል ይቻላል። ሦስተኛ መንገድም አለ፤ ውፍረቱን ሁሉ ለሌየሮቹ ሰጥቶ፣ ከፕሮግራሙ ጋር የሚመጣውን «ሞኖክሮም» የተባለ ሠንጠረዥ መጠቀም ነው። ይህ ሠንጠረዥ ቀለሙን ሁሉ ወደ ጥቁር ይለውጣል፤ ውፍረቱን ግን አይነካም፣ ከሌየሩ ወይም ከመስመሩ ያገኘውን እንዳለ ያሳልፋል። ንድፉን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ብቻዎን የሚሠሩ ከሆነ ይህም ጥሩ ነው። የማይሆነው ሁለቱን መቀላቀል ነው። በሠንጠረዡ ውስጥ ቀይና ቢጫ ቁርጥ ያለ ውፍረት ተሰጥቷቸው አረንጓዴ «የመስመሩን ውፍረት ተጠቀም» ተብሎ ከተተወ፣ ከስድስት ወር በኋላ አንድ መስመር ለምን እንደወፈረ ለማወቅ ሌየሩንም፣ መስመሩንም፣ ሠንጠረዡንም መፈተሽ ግድ ይሆናል።

የተከፈተው ንድፍ ከሁለቱ የየትኛው ዓይነት እንደሆነ ለማወቅ «ፒስታይልሞድ» ብለው ይጻፉ፤ መልሱ 1 ከሆነ በቀለም፣ 0 ከሆነ በስም የሚሠራ ነው። ይህን ማወቁ የሚጠቅመው፣ ያዘጋጁት የሲቲቢ ሠንጠረዥ ከምርጫው ዝርዝር ውስጥ ጭራሽ ሳይታይ ሲቀር ነው፤ በስም የሚሠራ ንድፍ ኤስቲቢዎችን ብቻ ይዘረዝራልና። እንዲህ ሲገጥም «ኮንቨርትፒስታይልስ» የሚለው ትእዛዝ ንድፉን ከአንዱ ዓይነት ወደ ሌላው ያዛውረዋል። ከስም ወደ ቀለም ሲዛወር ግን ለሌየሮቹ ተሰጥተው የነበሩት የስታይል ስሞች ስለሚጠፉ፣ አስቀድመው ቅጂ ያስቀምጡ።

ውፍረቶቹን መምረጥ

ሠንጠረዡን ከመክፈትዎ በፊት ስንት ዓይነት ውፍረት እንደሚያስፈልግዎ በወረቀት ላይ ይወስኑ። አውቶካድ ከ0.00 እስከ 2.11 ሚሊ ሜትር ድረስ ከሃያ በላይ ውፍረቶችን ይደረድራል፤ ዓይን ግን አጠገብ ላጠገብ ያሉትን ሁሉ መለየት አይችልም። ዓለም አቀፉ የቴክኒክ ንድፍ ደረጃ የያዛቸው ውፍረቶች 0.13፣ 0.18፣ 0.25፣ 0.35፣ 0.50፣ 0.70፣ 1.0፣ 1.4 እና 2.0 ሚሊ ሜትር ናቸው። እያንዳንዱ ከፊቱ ያለው በ1.4 ገደማ ሲባዛ፣ ማለትም በ2 ስኩዌር ሩት ሲባዛ የሚገኝ ነው። ይህ ቁጥር እንዲያው የመጣ አይደለም፤ የኤ ወረቀቶችም ርዝመትና ስፋታቸው የሚበላለጠው በዚሁ ቁጥር ነው። ስለዚህ ከኤ1 ወደ ኤ2 የተቀነሰ ንድፍ 0.50 የነበረው መስመሩ 0.35፣ 0.35 የነበረው 0.25 ሆኖ ይወጣል፤ ተቀንሶም ቢሆን የሚያርፈው ከዚያው ተርታ ባለ ሌላ ውፍረት ላይ ነው። በቀለም እስክሪብቶ በእጅ ይሥሉ የነበሩ ሰዎች፣ የተቀነሰ ቅጂ ላይ እርማት ለማስገባት አንድ ደረጃ ቀጠን ያለውን እስክሪብቶ ማንሳት ብቻ ይበቃቸው የነበረው በዚህ ምክንያት ነው።

ለግንባታ ንድፍ ደረጃው ቀጭኑን፣ ወፍራሙንና በጣም ወፍራሙን በ1፣ በ2 እና በ4 ምጣኔ ያስቀምጣቸዋል፤ ለምሳሌ 0.13፣ 0.25 እና 0.50። በእኔ ልምድ በ1:100 ለሚታተም የወለል ፕላን ከአምስት የበለጠ ውፍረት አያስፈልግም። በመቁረጫው መስመር የተቆረጠው ግድግዳና ዓምድ 0.50 ይሁን፤ ሳይቆረጥ የሚታየው የሕንፃው ጠርዝ 0.35፣ በርና መስኮት፣ ደረጃና ጽሑፍ 0.25፣ የልኬት መስመር 0.18፣ ሀች ደግሞ 0.13 ይሁን። የወረቀቱ ማዕቀፍ ብቻ 0.70 ቢሆን ያምርበታል። ንድፉ የ1:20 ዝርዝር ከሆነ የተቆረጠውን ነገር ወደ 0.70 ከፍ ማድረግ ይገባል፤ በዚያ ስኬል ወፍራሙ ግድግዳ ሰፊ ቦታ ስለሚይዝ 0.50 ኮሳሳ ይመስላል። ለጽሑፍ ደግሞ የሚታወሰው ልክ ቀላል ነው፤ የፊደሉ መስመር ውፍረት የፊደሉ ቁመት አንድ አሥረኛ ቢሆን ለማንበብ ይመቻል፤ 2.5 ሚሊ ሜትር ቁመት ላለው ጽሑፍ 0.25፣ ለ3.5 ሚሊ ሜትር 0.35 ማለት ነው።

ቀጫጭኖቹን ሲመርጡ የማሽንዎን አቅምም ያስሉ። በአንድ ኢንች 600 ነጥብ የሚያትም ማሽን የአንዷ ነጥቡ ስፋት 25.4 ለ600 ሲካፈል ነው፤ 0.042 ሚሊ ሜትር ገደማ ይሆናል። በዚህ ማሽን 0.13 ሦስት ነጥብ፣ 0.18 አራት ነጥብ ያህል ስለሚይዙ ይለያያሉ። በ300 ነጥብ በሚያትም ማሽን ግን አንዷ ነጥብ 0.085 ሚሊ ሜትር ትሆናለች፤ ስለዚህ 0.13 አንድ ነጥብ ተኩል፣ 0.18 ሁለት ነጥብ ይደርሳቸዋል፤ ግማሽ ነጥብ ደግሞ የሚባል ነገር ስለሌለ ሁለቱ መስመሮች አንድ መስለው ሊወጡ ይችላሉ። 0.00 የሚለው ውፍረት ደግሞ «አትታተም» ማለት አይደለም፤ ማሽኑ ማውጣት በሚችለው የመጨረሻ ቅጥነት ይወጣል። በአንዱ ማሽን ላይ ያማረው በሌላው ላይ ከዓይን ሊሰወር ስለሚችል፣ 0.00ን ባይጠቀሙበት ይሻላል።

ሠንጠረዡን መሥራት

«ስታይልስማናጀር» ብለው ሲጽፉ የፕሎት ስታይል ሠንጠረዦች የሚቀመጡበት ፎልደር ይከፈታል። በውስጡ አዲስ ሠንጠረዥ ለመጨመር የሚረዳ አቋራጭ አለ፤ እሱን ሁለት ጊዜ ጠቅ ካደረጉ ከባዶ መጀመር ወይም ካለው ሠንጠረዥ መነሳት እንደሚፈልጉ ይጠይቅዎታል። እኔ ሁልጊዜ የምነሳው ከሞኖክሮም ቅጂ ነው፤ 255ቱም ቀለማት አስቀድመው ጥቁር ስለሆኑ የሚቀረው ውፍረቱን መስጠት ብቻ ነው። ፋይሉን ገልብጠው በአዲስ ስም ያስቀምጡት እንጂ ከፕሮግራሙ ጋር የመጣውን ሞኖክሮም ራሱን አይቀይሩት፤ ሌላ ሰው በእሱ ተማምኖ የሠራው ንድፍ ይበላሽበታልና። ስሙም ምን እንደሆነ የሚናገር ይሁን፤ ለምሳሌ የወረቀቱን መጠንና ዓመቱን የያዘ።

አዲሱን ሠንጠረዥ ሲከፍቱት ሦስት ታቦች አሉት። ለሥራው የሚመቸው ሦስተኛው፣ ማለትም ቀለማቱ በግራ በኩል ተዘርዝረው የተመረጠው ቀለም ባሕርያት በቀኝ በኩል የሚታዩበት ነው። በመጀመሪያ ቀለም 1ን ይምረጡ፤ ከዚያ ሺፍትን እንደያዙ እስከ ታች ወርደው ቀለም 255ን ይጫኑ፤ ሁሉም አንድ ላይ ይመረጣሉ። ውፍረታቸውን 0.25 ያድርጉት። ይህ የሚደረገው ማንም ያላሰበው ቀለም፣ ለምሳሌ አንድ ሰው ሳያውቅ የተጠቀመበት ቀለም 34፣ በንድፉ ውስጥ ተደብቆ ቢገኝ መካከለኛ ውፍረት ይዞ እንዲወጣ ነው። ከዚህ በኋላ የሚሠሩባቸውን ጥቂት ቀለማት አንድ በአንድ ያስተካክሉ።

እኔ የምጠቀምበት ድልድል እንዲህ ነው፤ ቀይ፣ ማለትም ቀለም 1፣ ለልኬት መስመር 0.18፤ ቢጫው ቀለም 2 ለሚታይ ጠርዝ 0.35፤ አረንጓዴው ቀለም 3 ለበርና ለመስኮት 0.25፤ ውሃ ሰማያዊው ቀለም 4 ለተቆረጠ ግድግዳ 0.50፤ ሰማያዊው ቀለም 5 ለማዕቀፍ 0.70፤ ማጀንታው ቀለም 6 ለአክሲስ መስመር 0.18፤ ነጩ ቀለም 7 ለጽሑፍ 0.25፤ ጥቁር ግራጫው ቀለም 8 ለሀች 0.13። ቀለም 9ን ለነባር ሕንፃና ለመሳሰለው ወደ ኋላ ማለት ላለበት ነገር አስቀርቼዋለሁ። ልብ ይበሉ፤ በጥቁር ስክሪን ላይ እጅግ ደብዝዞ የሚታየው ሰማያዊ በወረቀት ላይ ከሁሉ የወፈረው ሆኗል። የሚያስቸግርዎ ከሆነ ቦታቸውን ይለዋውጡ፤ ከድልድሉ ይልቅ የሚጠቅመው አብረው የሚሠሩት ሰዎች ሁሉ አንዱን ድልድል መያዛቸው ነው።

ከውፍረቱ ውጭ ካሉት ሣጥኖች ውስጥ የሚያስፈልጉት ጥቂቶቹ ናቸው። «ስክሪኒንግ» የሚለው የቀለሙን መጠን በመቶኛ ይወስናል፤ 100 ሙሉ ጥቁር፣ 0 ባዶ ነው። ለቀለም 9 ስክሪኒንጉን 50 ቢያደርጉ ግራጫ ሆኖ ይወጣል። ነገር ግን ጥቁር ቀለም ብቻ ያለው ማሽን ግራጫን የሚሠራው ጥቃቅን ጥቁር ነጥቦችን አራርቆ በመበተን ስለሆነ፣ ቀጭን መስመር ላይ ሲደረግ መስመሩ ነጠብጣብ ይሆናል፤ ስለዚህ ግራጫ የሚደረገው መስመር ከ0.25 ባያንስ ጥሩ ነው። «ዲተር» የሚለውንም በዚሁ ምክንያት ያጥፉት። «አዳፕቲቭ» የሚለው የተቆራረጠ መስመር መጨረሻው ላይ ጎዶሎ እንዳይሆን የቁርጥራጮቹን ርዝመት በትንሹ ያስተካክላል፤ እንደበራ ቢቆይ ይሻላል፤ የሚጠፋው የቁርጥራጩ ርዝመት በትክክል መጠበቅ ሲኖርበት ብቻ ነው። የመስመር ጫፍን በተመለከተ ክብ ጫፍ ወፍራም መስመሮች በማዕዘን ላይ ሲገናኙ ሸርፎ እንዳይታይ ያደርጋል፤ ሆኖም ከመስመሩ ጫፍ በውፍረቱ ግማሽ ያህል አልፎ ይወጣል።

አንድ ወጥመድ እዚህ አለ። ከሠንጠረዡ ግርጌ ውፍረቶቹን ማረሚያ ቁልፍ ይገኛል፤ ብዙ ሰው አንድን ቀለም ለማቅጠን አስቦ ወደዚያ ገብቶ 0.25ን ወደ 0.20 ይለውጣል። የተለወጠው ግን የዚያ ቀለም ውፍረት ሳይሆን ዝርዝሩ ውስጥ ያለው 0.25 ራሱ ነው፤ በሠንጠረዡ ውስጥ 0.25 የነበሩት ሁሉ አብረው ይቀጥናሉ። ለአንድ ቀለም ብቻ ከሆነ ከዝርዝሩ ሌላ ውፍረት ይምረጡለት እንጂ ቁልፉን አይንኩት።

ከሌይአውቱ ጋር ማገናኘት

ሠንጠረዡ ተሠርቶ በፎልደሩ ውስጥ መቀመጡ ብቻውን ምንም አይለውጥም። የሚታተመውን ሌይአውት (ንድፉ በወረቀት ልክ የሚዘጋጅበትን ገጽ) ከፍተው «ፔጅሴትአፕ» ብለው ይጻፉ፤ ማሽኑንና የወረቀቱን መጠን ይምረጡ፤ የሚታተመው ቦታ «ሌይአውት»፣ ስኬሉ 1:1 ይሁን፤ ከዚያ ከፕሎት ስታይል ዝርዝር ውስጥ የእርስዎን ሠንጠረዥ ይምረጡ። «በፕሎት ስታይል አትም» የሚለው ሣጥን ምልክት ካልተደረገበት ሠንጠረዡ ተመርጦም ሥራ ላይ አይውልም። «ፕሎት ስታይልን አሳይ» የሚለውንም ቢያበሩት ሌይአውቱ ራሱ በጥቁርና በነጭ ሆኖ የወረቀቱን መልክ ያሳይዎታል። በሞዴል (ንድፉ ራሱ በሚሠራበት ቦታ) ውስጥ የሚታየው ውፍረት በስክሪን ነጥብ የሚሰላ በመሆኑ ቢያቀርቡትም ቢያርቁትም አይለወጥም፤ በሌይአውት ላይ የሚታየው ግን ትክክለኛው የወረቀት ውፍረት ነው፤ ስለዚህ በሞዴል ውስጥ ባዩት አይፍረዱ።

በኤ1 የተዘጋጀን ሌይአውት ለማረሚያ ያህል በኤ3 ማውጣት የተለመደ ነው። ኤ3 የኤ1 ግማሽ ርዝመት ስላለው ስኬሉ 1:2 ይሆናል፤ ውፍረቱ ግን በራሱ አይቀንስም። 0.50 የነበረው ግድግዳ በግማሽ ባነሰው ንድፍ ላይ አሁንም 0.50 ሆኖ ይወጣል፤ ሀቹም ተጠጋግቶ ጥቁር ንጣፍ ይመስላል። «የመስመር ውፍረትን መጥን» የሚለው ምርጫ ሲበራ ውፍረቱም በግማሽ ይቀንሳል፤ ነገር ግን 0.13 ወደ 0.065 ስለሚወርድ በ600 ነጥብ ማሽን ላይ እንኳ አንድ ነጥብ ተኩል ብቻ ይቀርለታል። ኤ3 ቅጂ በየጊዜው የሚያወጡ ከሆነ ለእሱ ሁለተኛ ሠንጠረዥ ቢሠሩ፣ ወፍራሞቹን በግማሽ ቀንሰው ቀጫጭኖቹን ከ0.09 እንዳያንሱ ቢያደርጉ የበለጠ ይመቻል።

የተቆራረጡ መስመሮች

ውፍረቱ ተስተካክሎም የመሃል መስመሩ ሙሉ መስመር ሆኖ፣ ወይም ቁርጥራጮቹ ከግድግዳው በልጠው ሊወጡ ይችላሉ። ይህ ከሠንጠረዡ ጋር አይገናኝም፤ የመስመር ዓይነት ስኬል ጉዳይ ነው። በሜትሪክ የመስመር ፋይል ውስጥ «ሂደን» የተባለው መስመር 6.35 ሚሊ ሜትር ቁራጭና 3.175 ሚሊ ሜትር ክፍተት አለው። «ፒኤስኤልቲስኬል» የተባለው እሴት 1 ሲሆን ይህ ልክ የሚለካው በወረቀቱ ላይ ነው፤ ስለዚህ 1:50 የሆነው ቪውፖርት (ንድፉ በወረቀቱ ላይ የሚታይበት መስኮት) እና 1:200 የሆነው ቪውፖርት በአንድ ወረቀት ላይ ጎን ለጎን ቢቀመጡም ቁርጥራጮቻቸው እኩል ይሆናሉ። የመላው ንድፍ የመስመር ዓይነት ስኬል የሆነውን «ኤልቲስኬል»ን 0.5 ካደረጉት ቁራጩ ወደ 3.2፣ ክፍተቱ ወደ 1.6 ሚሊ ሜትር ይወርዳል፤ ለኤ1 ንድፍ የሚስማማውም ይህ ነው። እሴቶቹን ከለወጡ በኋላ «ሪጀንኦል» ካላሉ በስክሪኑ ላይ የቀድሞው መልክ ሊቆይ ይችላል።

ከኢንች የመስመር ፋይል የተጫኑ መስመሮች ከሜትሪኮቹ 25.4 ጊዜ ያነሱ ናቸው። አንድ ንድፍ ውስጥ ሁለቱም ከተቀላቀሉ አንዱ ኤልቲስኬል ለሁለቱም አይሆንም፤ የትኛው ፋይል እንደሚጫን የሚወስነው «ሜዠርመንት» የተባለው እሴት ነው፤ 1 ሲሆን ሜትሪኩ ይጫናል። ብዙ ነጥብ ባላት ፖሊላይን (ተያያዥ ክፍሎች ያሉት አንድ መስመር) ላይ፣ ለምሳሌ በኮንቱር መስመር፣ ቁርጥራጩ ጭራሽ ካልታየ ደግሞ የፖሊላይኑን «ላይንታይፕ ጄኔሬሽን» ያብሩ፤ ቁርጥራጩ በየነጥቡ አዲስ ከመጀመር ይልቅ ከጫፍ እስከ ጫፍ ይቀጥላል።

የሙከራ ወረቀት

አዲስ ሠንጠረዥ በተሠራ ቁጥር፣ ወይም አዲስ ማሽን በተገናኘ ቁጥር አንድ የሙከራ ገጽ ያትሙ። በኤ4 ሌይአውት ላይ ከቀለም 1 እስከ 9 ያሉ ዘጠኝ መስመሮችን፣ እያንዳንዳቸውን 100 ሚሊ ሜትር ርዝመት ሰጥተው፣ በ10 ሚሊ ሜትር ልዩነት ይደርድሩ። በየመስመሩ አጠገብ የቀለሙን ቁጥርና የታሰበለትን ውፍረት ይጻፉ። ከሥር በኩል የ2.5 እና የ3.5 ሚሊ ሜትር ጽሑፍ፣ የመሃል መስመር ዓይነት የተሰጠው አንድ ክብ፣ መስመሮቹ በ2 ሚሊ ሜትር የተራራቁ ሀች ያለበት አራት ማዕዘን ይጨምሩ። 1:1 አትመው በማስመሪያ ይለኩት። 100 መሆን የነበረበት መስመር 97 ሆኖ ከተገኘ፣ ወይ ሌይአውቱ ላይ ወይ ራሱ የማሽኑ ሶፍትዌር ላይ «ከወረቀቱ ጋር አስማማ» የሚል ምርጫ በርቷል፤ ያ እስካልጠፋ ድረስ ስለ ውፍረት መነጋገር ትርጉም የለውም። ከዚያ ወረቀቱን በክንድ ርቀት ይዘው 0.13ን ከ0.18፣ 0.35ን ከ0.50 መለየትዎን ይመልከቱ፤ ካልተለዩ አንደኛውን ደረጃ ዝለሉት። ገጹን ፎቶ ኮፒ አድርገውም ይዩት፤ ንድፍ ወደ ሥራ ቦታ የሚደርሰው ብዙ ጊዜ ተባዝቶ ነው።

የሚመዝኑት ፒዲኤፍን በስክሪን ከሆነ ጥንቃቄ ያድርጉ። አንዳንድ የፒዲኤፍ ማንበቢያዎች ቀጫጭን መስመሮች እንዳይጠፉ ብለው ራሳቸው ያወፍሯቸዋል፤ ገጹ በስክሪኑ ልክ ተቀንሶ ሲታይ ሀቹ ከግድግዳው እኩል የወፈረ ይመስላል። 400 በመቶ አቅርበው ሲያዩት ትክክለኛው ምጣኔ ይወጣል።

ከሠንጠረዡ የሚያመልጡ ነገሮች

አንድ ጊዜ ከሌላ ቢሮ የመጣ ንድፍ አትሜ፣ ሁሉ ነገር ጥቁር ሆኖ የልኬት መስመሮቹ ብቻ ፈዛዛ አረንጓዴ ሆነው ወጡ። ሠንጠረዡን ደጋግሜ ከፈትኩ፤ አረንጓዴው ጥቁር ተብሏል፤ ማሽኑን አጥፍቼ አበራሁ፤ ለውጥ የለም። ኋላ አንዱን መስመር ጠቅ አድርጌ ባሕርያቱን ሳይ፣ ቀለሙ በአንድ ቁጥር ሳይሆን በሦስት ቁጥሮች ተጽፏል፤ ትሩ ከለር ማለት ነው። የሲቲቢ ሠንጠረዥ የሚያውቀው 255ቱን ባለ ቁጥር ቀለማት ብቻ ነው፤ ትሩ ከለር የተሰጠው ነገር በሠንጠረዡ ሳይነካ በራሱ ቀለም ይወጣል። መፍትሔው ሌየሩን ወደ ባለ ቁጥር ቀለም መመለስ ነው። ይኸው ባሕርይ ሆን ተብሎ ሲጠቀሙበት ግን ጥቅም አለው፤ በጥቁር ንድፍ ላይ አንድ አርማ ወይም አንድ የእሳት መውጫ መስመር ብቻ በቀለም እንዲወጣ ሲፈለግ ትሩ ከለር ይሰጠዋል።

ሁለተኛው የሚያመልጥ ነገር ስፋት የተሰጠው ፖሊላይን ነው። ስፋቱ የንድፉ አካል እንጂ የኅትመት ውፍረት ስላልሆነ በስኬሉ ልክ ይተልቃል ወይም ያንሳል፤ 50 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ፖሊላይን በ1:100 ግማሽ ሚሊ ሜትር፣ በ1:50 አንድ ሚሊ ሜትር ሆኖ ይወጣል። ግድግዳን በዚህ መንገድ ያወፈረ ሰው ስኬሉን በለወጠ ቁጥር ሥራውን መልሶ ይሠራል። በብሎክ (እንደ አንድ ዕቃ በተጠቃለሉ መስመሮች) ውስጥ ቀለማቸው ተቆልፎ የተሠሩ መስመሮችም ሌየሩ ሲለወጥ አብረው አይለወጡም፤ «ሴትባይሌየር» የተባለው ትእዛዝ ብሎኮቹንም ጭምር ገብቶ ወደ ሌየራቸው ቀለም ይመልሳቸዋል። በስክሪን እየታየ ጭራሽ የማይታተም ነገር ካለ ደግሞ «ዴፍፖይንትስ» በተባለው ሌየር ላይ መቀመጡን ይመልከቱ፤ ይህ ሌየር ምንም ቢደረግ አይታተምም።

ፋይሉን ማስተላለፍ

የፕሎት ስታይል ሠንጠረዥ በንድፉ ፋይል ውስጥ አይቀመጥም፤ ንድፉ የሚይዘው ስሙን ብቻ ነው። ንድፉን ብቻ ለሌላ ሰው ከላኩ፣ በእሱ ኮምፒውተር ላይ ያ ሠንጠረዥ ስለማይገኝ በስክሪኑ ቀለማት ይታተምበታል፤ ቢጫው መስመርም በነጭ ወረቀት ላይ የለም ማለት ይቻላል። «ኢትራንስሚት» የሚለው ትእዛዝ ንድፉን፣ ተያያዥ ፋይሎቹንና ሠንጠረዡን አንድ ላይ ጠቅልሎ ያዘጋጃል። በአንድ ቢሮ ውስጥ ከሆነ ግን ሠንጠረዡን ለየኮምፒውተሩ ከማባዛት ይልቅ በጋራ ፎልደር አስቀምጦ፣ በ«ኦፕሽንስ» የፋይሎች ታብ ውስጥ የፕሎት ስታይል መፈለጊያ መንገዱን ወደዚያ ፎልደር ማዞር ይበጃል። በዚያ ፎልደር ያለውን ሠንጠረዥ ለአንድ ፕሮጀክት ሲሉ ካረሙት፣ ባለፈው ዓመት ተፈርሞ የወጣው ንድፍም ዛሬ በድጋሚ ሲታተም ከተፈረመው የተለየ ሆኖ ይወጣል፤ ስለዚህ እርማት ሲያስፈልግ የቀድሞውን ሳይነኩ በአዲስ ስምና ዓመት አስቀምጠው፣ የዚያኑ ሠንጠረዥ የሙከራ ገጽ ከጎኑ ያኑሩ።